ባለቤቱ ያልነበረበት ዕጣ

ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ለጥናቱ በተለቀቀው የጥግ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ዶክተር ፍሬሕይወት፣ የጥናቱን መዝገብ የሚይዘው ደረጄ ታከለ፣ አንገቷን ልትታከም የመጣችው ዘይቱና፣ ባሏ ኸድር፣ እንዲሁም አምና ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ለክትትል የመጣችው እቴነሽ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የታሸገ ቡናማ ፖስታ ተቀምጧል። በላዩ ላይ 23 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል።

ደረጄ ፖስታውን አንስቶ ጠርዙን ሊቀድ ሲል ኸድር ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«አይከፈትም!»

ሁሉም ዞረው አዩት። ዘይቱና የስምምነት ቅጹ ላይ ያሳረፈችበትን አውራ ጣቷን ገና በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

«አሁን ደግሞ ምን መጣ?» አለችው።

ኸድር ዓይኑን ከደረጄ እጅ ላይ አልነቀለም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ ነው። ዘይቱና ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋን አንዳች ነገር ይይዛት ጀመር። በእጇ ብትዳስሰው አንገቷ ላይ በስተቀኝ የቴምር ፍሬ የምታህል ጓጓላ አገኘች። «እንቅርት ነው» ሲሏት ሳቀች። እንቅርት የደብረ ሲና ሰው እንጂ የቆላ ሰው በሽታ አይመስላትም ነበር። ጤና ጣቢያው ግን የእንቅርት ጥናት የሚያካሂዱ ሐኪሞች በየወሩ እንደሚመጡ ነግሮ ቀጠራት። ሐኪሞቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ሁለት ጊዜ ቀሩ፤ በሦስተኛው መጡ። በቀጭን መርፌ ከጓጓላው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመለስ ዶክተር ፍሬሕይወት ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ነገረቻቸው። የካንሰር ዓይነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ ከቦታው አልወጣም። ተቆርጦ ከወጣ ይድናል።

እስከዚህ ድረስ ኸድር አላህን አመሰገነ። የከበደው ከዚያ በኋላ የተባለው ነው።

መቁረጫው መንገድ ሁለት ነው አለች ዶክተሯ። በአንደኛው የእንቅርት ዕጢው በሙሉ ይወጣል። ያን ጊዜ አካላችን የሚፈልገውን ሆርሞን የሚሠራው ነገር ስለማይኖር ዘይቱና ዕድሜ ልኳን በየጠዋቱ ኪኒን ትውጣለች። በሁለተኛው ጓጓላው ያለበት ግማሽ ብቻ ይወጣል። የቀረው ግማሽ የሚሠራው ሆርሞን ሊበቃት ይችላል፤ ነገር ግን ክትትሉ ይበዛል፣ ምናልባትም ሌላ ጊዜ ዳግመኛ መቁረጥ ያስፈልግ ይሆናል።

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ ኸድር።

«እንዲህ ትንሽ ለሆነው የትኛው እንደሚሻል ገና አልታወቀም። ብናውቅ ኖሮ አናጠናም ነበር።»

«እንግዲያው ማን ይመርጣል?»

«ማንም አይመርጥም። በዕጣ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዕጣ የአላህ ፈቃድ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ኸድር ግን ዕጣን ከውስጥ በኩል ያውቀዋል።

ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ቦይ የሚያስተዳድር የውሃ አባት ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሃምሳ ሰባት አባወራ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በዚያ ቦይ ነው። ወንዙ ሲጎድል የውሃ ተራው በዕጣ ይወጣል። ሥርዓቱን ሁሉም ያውቀዋል። እያንዳንዱ ባለመሬት አውራ ጣት የምታህል እንጨት ቆርጦ፣ የፈለገውን ምልክት አድርጎባት፣ ሰው ሁሉ እያየ ጆንያ ውስጥ ይከታታል። ከዚያ ከዋናው መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚ ይጠራል፤ ማንንም የማያውቅ፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ። እሱ እጁን ጆንያው ውስጥ እየከተተ አንድ በአንድ ያወጣል። ፊት የወጣ ፊት ያጠጣል። መጨረሻ የወጣ የተረፈውን ይጠብቃል።

በ2015 ጥር ላይ ወንዙ ክፉኛ ጎደለ። የዘይቱና ወንድም ሰዲቅ ያን ሰሞን ችግኙን ገና መትከሉ ነበር፤ ቶሎ ካልጠጣ ያልቃል። በዕጣው ቀን ኸድር ከመንገድ ላይ የጠራው ሾፌር ከአጣዬ ሽንኩርት ሊጭን የወረደ ሰው ነው። አላፊ አግዳሚ ይመስላል፤ ሆኖም ከማለዳው ጀምሮ ከኸድር ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። የሰዲቅ እንጨት ልጧ ተልጧል፤ የሌሎቹ አልተላጡም። ሾፌሩ እጁን ከተተና ለስላሳዋን ፈልጎ ያዘ። ሃምሳ ስድስት ሰው ዙሪያውን ቆሞ እያየ ነበር። ሰው የሚያየው ግን ከጆንያ የሚወጣውን እጅ ነው፤ ጆንያው ውስጥ የሚሆነውን የሚያይ የለም።

በመጨረሻ የወጣችው የደረጄ አባት የታከለ እንጨት ናት። ታከለ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። ውሃው ሲደርሰው ሽንኩርቱ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሁለት በሬዎቹን ሸጠ። ኮሌጅ የገባው ልጁ ደረጄም ትምህርቱን አቋርጦ መጣና ሥራ ሲፈልግ ከረመ። በኋላም ይህ ጥናት ጸሐፊ ሲፈልግ ተቀጠረ።

ያን የዕጣ ነገር የሚያውቁት አላህ፣ ሾፌሩ፣ ሰዲቅና ኸድር ብቻ ናቸው። ሰዲቅ ደግሞ ምላሱ ልጓም የለውም። ከደረጄ ጋር ገበያ ለገበያ ሲገናኙ ኸድር ብዙ ጊዜ አይቷቸዋል።

ስለዚህ ዶክተሯ «ፖስታውን የሚያነሳው ደረጄ ነው» ባለች ጊዜ ኸድር ሌላውን ነገር ሁሉ መስማት ተወ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚባለው ጆሮው ውስጥ ይጮህ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ እየዞረ መጠየቅ ያዘ። ማን ሙሉው ወጣለት፣ ማን ግማሹ? ዘጠኝ ሰው አገኘ። አምስቱ ግማሽ፣ አራቱ ሙሉ። ግማሽ ከደረሳቸው ከአምስቱ አራቱ ከቦዩ ራስጌ ያሉ ናቸው፤ ውሃ ቶሎ የሚደርሳቸው። ሙሉ ከደረሳቸው ከአራቱ ሦስቱ ከግርጌ ናቸው፤ የእነታከለ ጎረቤቶች። ለኸድር ይህ በቂ ነው። ካንሰርን ከሥሩ ነቅሎ መጣል እያለ ግማሹን ትቶ መስፋት የጠላት ሥራ እንጂ የሐኪም ሥራ አልመስልህ አለው።

ቅዳሜ ዕለት ጀውሃ ድረስ ሄደ። እዚያ ሳልህ የሚባል ጎሚስታ የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናል። ሚስቱ ናጅዋ ግማሽ ደርሷት ከታከመች አምስት ወሯ ነው። ሳልህን በጭቃና በዘይት ተለውሶ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ፖስታውን ማን ነው ያነሳው?» አለ ኸድር ሰላምታውን እንደጨረሱ።

«የትኛውን ፖስታ?»

«የናጅዋን ነዋ!»

«ያ የሚጽፈው ልጅ። ደረጄ። ምነው?»

«ከላይ ነው ያነሳው ወይስ ከመሀል?»

ሳልህ መፍቻውን አስቀመጠ። «አንተ ኸድር፣ ደህና ነህ? የሚስቴን አንገት ቆርጠው መልሰው ሰፉልኝ። ድምፅዋ ይጠፋ ይሆናል ብለው አስፈርመውኝ ነበር፤ ወላሂ ጩኸቷ ጭራሽ ብሷል። ከላይ ይሁን ከመሀል ምን አገባኝ?»

«ሌላ የጠየቅከው ነገር የለም?»

«ጠየቅኩ እንጂ። ምሳ የት ይበላል ብዬ።»

«አንተ ሁሉን ነገር ቀልድ አድርገው። ለምን ለናጅዋ ሙሉው አልደረሳትም?»

«አልደረሳትማ! የቀረላትን ግማሽ ደግሞ በየሦስት ወሩ ደሟን እየወሰዱ ያዩላታል፤ ልጁ ስልክ ይደውላል፣ ቀን ይነግረናል፣ እንሄዳለን። አልሐምዱሊላህ።»

«ደረጄ ነው የሚደውለው?»

«እሱ ነው።»

«ደሙንም ወደ አዲስ አበባ የሚልከው እሱ ነው?»

ሳልህ በጥርጣሬ አየው። «ስማ፣ አንተ ከዚህ ልጅ ጋር ምን ነገር አለህ?»

«ምንም» አለ ኸድር፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሮም ተመለሰ። ሲመለስ ጥርጣሬው ቀርቶ እርግጠኛ ሆኗል። ፖስታውን የሚያነሳው ደረጄ፣ የሚጽፈው ደረጄ፣ ደሙን የሚልከው ደረጄ። አንድ ሰው ጆንያውንም እጁንም ከያዘ ዕጣ የት አለ?

ሰኞ ረፋድ ላይ ከአግዳሚው ያስነሳው ይህ ነው።

«ዕጣ የሚጣለው ባለዕጣው ባለበት ነው» አለ አሁን፣ ድምፁን ለማለዘብ እየሞከረ። «እኔ ያልነበርኩበትን ዕጣ ዕጣ ብዬ አልቀበልም።»

ዶክተር ፍሬሕይወት ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። ወጣት ናት፤ ግን አትቸኩልም። «ጋሼ ኸድር፣ ደህና አድርገው ጠየቁ። ዕጣው የወጣው ጥናቱ ሳይጀመር፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በኮምፒውተር ነው። ፖስታዎቹ በተራ ቁጥር ታሽገው መጡ። ሃያ ሁለተኛው ሰው ሃያ ሁለትን ይወስዳል፤ ሃያ ሦስተኛዋ እትዬ ዘይቱና ናቸው። በውስጡ ያለውን እኔም አላውቅ፣ ደረጄም አያውቅ።»

«ማን አሸገው?»

«እዚህ አገር መጥቶ የማያውቅ ሰው። ማንንም የማያውቅ።»

ኸድር በአፍንጫው ሳቀ። «ማንንም የማያውቅ! ያንን ቃል እኔም እችልበታለሁ።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው እቴነሽ ጣልቃ ገባች። ባሏ የሞተባት፣ ከቦዩ ግርጌ የምትኖር፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። «አንተ ኸድር፣ ምን ያህል ነው የምትፈራው? ለኔ ሙሉውን ነው ነቅለው የጣሉት። ይኸው አለሁ። ጠዋት ኪኒኔን የረሳሁ እንደሆነ ግን እንደ እርጉዝ ግመል ስጎተት ነው የምውለው። ሙሉ ሙሉ አትበል፤ ሙሉም ጣጣ አለው።»

ኸድር ሰማት፤ ግን ልቡ ሌላ ነገር ያዘ። እቴነሽ ከግርጌ ናት። እቴነሽ ሙሉው ደርሷታል። ደግሞም ለደረጄ እናት የአክስት ልጅ ናት።

«እሷስ ዘመድህ አይደለችም?» አለው ደረጄን።

ደረጄ ግራ ገባው። «ናቸው፤ እና ምን ሆኑ? ጋሼ ኸድር፣ በኔ ቅር ያለዎት ነገር አለ?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «በጥናቱ መግባት ግዴታ አይደለም። እትዬ ዘይቱና ካልፈለጉ አሁኑኑ መውጣት ይችላሉ። ሕክምናው አይቀርባቸውም፤ በመደበኛው ወረፋ ይጠብቃሉ። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ አልደብቃችሁም።»

«ምን ያህል?» አለች ዘይቱና።

«ምናልባት ስምንት ወር። ምናልባት ከዚያ በላይ።»

«እኔ አልወጣም።»

«ዘይቱና!» አለ ኸድር።

«ምን ዘይቱና ትለኛለህ? አንገቱ የኔ ነው። አንተ ጀውሃ ስትዞር እኔ እየዋጥኩ ነው፣ እያነቀኝ። ግማሽም ይሁን ሙሉ ያውጡልኝ! ደግሞ አንተን ማን ነው በዕጣ ላይ እንዲህ ያስቆጣህ? ለሰው ሁሉ ዕጣ እያወጣህ፣ ‹ዕጣ የወደደውን ተቀበሉ› እያልክ የምትሸመግል አንተ አይደለህ? ለራስህ ሲሆን መረረህ?»

እቴነሽ ሳቀች። ደረጄም ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ኸድር ግን ያቺን ፈገግታ አያት። ሁለት ዓመት የያዘው ነገር በዚያች ቅጽበት ከእጁ አመለጠ።

«አሁን ትስቃለህ? የአባትህን ሽንኩርት በኔ ላይ ይዘህ፣ በሚስቴ አንገት ቂምህን ልትወጣ ነው?»

ደረጄ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የምን ሽንኩርት?» አለ ደረጄ።

ኸድር ፊቱን መረመረ። ልጁ አፉን ከፈት አድርጎ ያየዋል። ቅንድቡ ተሰብስቧል። የሚያስመስል ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ኸድር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህ እሱን አይመስልም። ልጁ አያውቅም ነበር። ሰዲቅ አልነገረውም ነበር።

«ተወው» አለ ኸድር። «ሌላ ነገር ነው።»

«አይተወውም» አለች ዘይቱና፤ ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «የታከለ ሽንኩርት የደረቀው ዕጣው መጨረሻ ስላወጣው ነው። አንተ ነህ እንዲህ ያልከኝ። እኔም ሚስቱን ላጽናና ሄጄ ዕጣ ነው፣ ቻዪው ብያታለሁ። ምን አደረግህ?»

«ዘይቱና፣ እዚህ…»

«እዚሁ ተናገር። እዚሁ ነው የጀመርከው።»

ኸድር ወደ በሩ አየ፤ ወደ ጠረጴዛው አየ። ከዚያ ተቀመጠና ለማንም ሳይሆን ለወለሉ ተናገረ። ሾፌሩን፣ ከማለዳው የተነጋገሩትን፣ የሰዲቅን እንጨት መላጥ፣ አንድ በአንድ ተናገረ። ሲጨርስ ዘይቱና እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር።

«ለወንድሜ ነው» አለች። «ለኔ ወንድም።»

«ችግኙ ሊያልቅበት ነበር።»

ደረጄ የጠየቀው መዝገብ እንደሚሞላ ሰው ነው፣ በቀስታ።

«የአባቴስ እንጨት? ምልክት ነበረባት?»

«የለም። ወላሂ የለም። የሱ በራሷ ነው መጨረሻ የወጣችው። እኔ የሰዲቅን እንጂ የማንንም አልነካሁም።»

«እሱን በምን ልመን?»

ኸድር ይህንኑ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዚህ ልጅ ሲያዘጋጅ ከርሞ ነበር።

እቴነሽ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። «እኔም እኮ ያን ጊዜ አንድ ጥማድ መሬት ደርቆብኛል» አለች፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ደረጄ ፖስታውን ወደ ዶክተሯ ገፋው። «ዶክተር፣ የእሳቸውን እኔ አልከፍትም። ክትትላቸውንም ሌላ ሰው ይያዘው። ምንም ባደርግ ምንም ባላደርግ አያምኑኝም።»

«ሌላ ሰው እስከማገኝ ድረስ አንተ ነህ ያለኸው» አለች ዶክተር ፍሬሕይወት። ፖስታውን አንስታ ማሸጊያውን ለሁሉም አሳየች፤ አልተነካም። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። ከዚያ ለዘይቱና ዘረጋችላት። «እርስዎ ይክፈቱት። ማንም አይከለክልዎትም።»

ኸድር እጁን ሰደደ። ዘይቱና በክርኗ መለሰችው። ፖስታውን በጥርሷ ጫፉን ነክሳ ቀደደችና ውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥታ ገልብጣ ለዶክተሯ ሰጠች፤ ማንበብ አትችልም።

«ግማሽ ይላል» አለች ዶክተሯ። «የቀኙ ግማሽ ብቻ ይወጣል።»

ኸድር የመጀመሪያ ሥራው ደረጄን ማየት ነበር። ፊቱ ላይ ደስታ ፈለገ፣ ሐዘንም ፈለገ። ደረጄ ግን አጎንብሶ በመዝገቡ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን እየጻፈ ነው። ፊቱ አይታይም። እስካሁን ኸድር ልጁን የፈራው ያውቃል ብሎ ነበር። አሁን በእውነት ያውቃል፤ ያሳወቀውም ራሱ ኸድር ነው። የዘይቱና ቀጠሮ፣ የዘይቱና ደም፣ የዘይቱና ውጤት ሌላ ሰው እስኪገኝ ድረስ በዚያ ባጎነበሰው ልጅ እጅ ያልፋል።

«የቀጠሮው ቀን በስልክ ይነገራችኋል» አለ ደረጄ ቀና ሳይል።

«ማን ነው የሚደውለው?» አለ ኸድር።

«እኔ።»

ወደ ውጭ ሲወጡ ዘይቱና ከባሏ ሦስት እርምጃ ቀድማ ትሄድ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡም ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ኸድር ከኋላ ተቀምጦ ፖስታውን በልቡ ደጋግሞ አየው፤ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በገዛ ዓይኑ አይቷል። ማሸጊያን ሳይነኩ ፖስታ የሚለውጡበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ግን እስከ ቤቱ ድረስ አሰበ።

ደረጄ በስምንተኛው ቀን ደወለ። በዚያው ሳምንት የዕጣውን ነገር የሰሙት የቦዩ ተጠቃሚዎች ተሰብስበው ኸድርን ከውሃ አባትነት አወረዱት። ዘይቱና ኅዳር 16 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የእንቅርቷ የቀኝ ግማሽ ወጣ። ያስታመማት ወንድሟ ሳይሆን ኸድር ነው። በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች።